ሰኔ 6 የሚታደለው ክሬም ስንት ቀን ይበቃል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2007 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ ሰኔ 6 ዓለም አቀፍ የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን ሆኖ ይከበራል። ቀኑን ምክንያት አድርጎ አልቢኒዝም ላለባቸው፣ ማለትም ቆዳን ከፀሐይ የሚጠብቀው የተፈጥሮ ቀለም ከውልደታቸው ጀምሮ ለጎደላቸው ወገኖች፣ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ማደል የተለመደ በጎ ተግባር ነው፤ በጎነቱን የሚክድ የለም። ስሌቱ ግን አይሞላም።

አንድ አዋቂ ፊቱን፣ ጆሮውንና አንገቱን ብቻ በአግባቡ ለመቀባት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል። ክሬሙ ፀሐይ ላይ በየ2 ሰዓቱ መታደስ አለበት። ብዙውን ሰዓት ጥላ ሥር የሚውል ሰው ጧት ሲወጣ አንዴ፣ እኩለ ቀን ላይ አንዴ ብቻ ቢቀባ እንኳ በቀን 10 ሚሊ ሊትር ይጨርሳል። ስለዚህ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ቱቦ ለአምስት ቀን ነው የሚበቃው። ሰኔ 6 የተሰጠ ክሬም ሰኔ 11 ላይ አለቀ ማለት ነው። ሰውየው እጅጌ ጉርድ ከለበሰ ደግሞ ለእያንዳንዱ ክንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ይጨመርና በቀን 30፣ በወር 900 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ያው ሰው እስከ አንጓው የሚደርስ ሸሚዝ ቢለብስ የወሩ ፍጆታ ወደ 300 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። አንድ ሸሚዝ በየወሩ 600 ሚሊ ሊትር ክሬም ያድናል።

ይህን ያህል ክሬም በየወሩ መግዛት የሚችል ቤተሰብ በከተማችን ጥቂት ነው። የሚሆነውም የታወቀ ነው፤ ቱቦው እንዳያልቅ እየተሳሱ ስስ አድርገው ይቀቡታል። ማሸጊያው ላይ «ኤስ ፒ ኤፍ 30» ወይም «50» ተብሎ የተጻፈው የመከላከል አቅም ቁጥር የተለካው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። ግማሹን መቀባት ጣሪያን ግማሽ ቆርቆሮ እንደማልበስ ነው። ይባስ ብሎ «ተቀብቻለሁ» ያለ ሰው ልቡ ስለሚሞላ ያለ ክሬም ከሚቆየው በላይ ፀሐይ ላይ ይቆያል። ስለዚህ የምንጠይቀው ቅደም ተከተሉ እንዲቀየር ነው። መጀመሪያ ሰዓት፣ ቀጥሎ ልብስና ባርኔጣ፣ ከዚያ ጥላ፣ ክሬም በመጨረሻ፤ ክሬሙም እነዚህ ሁሉ ላልሸፈኑት ቦታ ብቻ።

የአዲስ አበባ ፀሐይ ሰው ያታልላል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ «ምን ፀሐይ አለና» ይባላል። ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር ግን ከሙቀት ጋር አይገናኝም። በየ1,000 ሜትር ከፍታ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ መሃል ከተማው ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምንገኝ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ከአናታችን ብዙ አትርቅም። የዓለም ጤና ድርጅት የጨረር መለኪያ ከ3 ጀምሮ ጥንቃቄ ይጠይቃል፣ 11 ሲደርስ እጅግ አደገኛ ይለዋል። በአብዛኛው ወራት ሰማዩ በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ እኛ ያንን እናልፋለን። ስስ ደመናም እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ጨረር ስለሚያሳልፍ የክረምቱ ጭጋግ መተማመኛ አይሆንም።

ሰዓቱን በሚመለከት ብዙ በራሪ ወረቀቶች «ከ4 እስከ 10 ሰዓት ከፀሐይ ራቁ» የሚል ምክር ከውጭ ገልብጠው ያትማሉ። ለእኛ ከተማ አይገጥምም። በአዲስ አበባ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በትክክል 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ከ25 አካባቢ ነው። አስተማማኙ ዘዴ ጥላን ማየት ነው፤ የሰው ጥላ ከቁመቱ ካጠረ ጨረሩ ብርቱ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያ ይህ ከጧቱ 3 ሰዓት ከ20 ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ይቆያል። በታኅሣሥ ከ4 ሰዓት ከሩብ እስከ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ሰዓት ለማያነብ ሕፃንም ለአያትም የሚገባ መለኪያ ስለሆነ «ጥላህ ካንተ ካጠረ ግባ» ብሎ ማስተማር ይበቃል።

በዚህ ረገድ ትምህርት ቤቶች ያለ ምንም ወጪ ብዙ መሥራት ይችላሉ። የስፖርት ክፍለ ጊዜን ወደ መጀመሪያው ወይም ወደ ከሰዓት መጨረሻው ማዞር፣ አልቢኒዝም ያለበትን ተማሪ በሰልፍ ሰዓት ከበረንዳ ሥር ማቆም፣ ኮፍያን በዩኒፎርም ደንብ መከልከልን መተው፣ ረጅም እጅጌን መፍቀድ። ልጁን ለብቻው ለይቶ ከማቆም ግን የክፍሉን ሰልፍ በሙሉ ወደ ጥላው ማዛወር ይሻላል፤ የተለየ ልጅ በማግስቱ ባርኔጣውን ቦርሳው ውስጥ ይደብቃል። የእነዚህ ልጆች ዓይን ደካማ መሆኑም አይረሳ። መቀመጫቸው ከሰሌዳው አጠገብ፣ ከመስኮቱ ግን ራቅ ያለ ይሁን።

ልብስን ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ወደ ብርሃን ዘርግቶ ማየት ነው። ብርሃን በጉልህ ካሳለፈ ጨረሩንም ያሳልፋል። ስስ ነጠላ ለፀሐይ መከላከያነት አይበቃም፤ ደጋግሞ ማጠፍ ያስፈልጋል። ነጭ የጥጥ ቲሸርት የሚሰጠው መከላከያ አነስተኛ ነው፣ በላብ ወይም በዝናብ ሲርስ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ጂንስና ካኪ እጅግ አስተማማኝ ናቸው። ጥልቅ ቀለም ከፈዛዛው ይሻላል፤ ብዙ ታጥቦ የሳሳ ልብስ በማንኛውም ቀለም አይረባም።

ባርኔጣው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው በጎ አድራጎት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለዝግጅቱ ተብሎ የድርጅት ስም የታተመበት፣ ፊት ለፊት ብቻ ምላስ ያለው ኮፍያ ይታደላል። ይህ ኮፍያ ካንሰር የሚወጣባቸውን ሁለት ዋና ቦታዎች፣ ጆሮንና ማጅራትን፣ ገልጦ ይተዋል። የሚያስፈልገው ዙሪያውን ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ነው። ማንኛውም ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል። የራስ ዙሪያውን በሜትር ለክቶ 1 ሴንቲ ሜትር መጨመር፣ ድምሩን ለ6.28 ማካፈል፤ የተገኘው የውስጠኛው ክብ ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት ነው። ራሱ 53 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ 8.6 ይመጣል። በዚያ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ክፈፍና 1 ሴንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ሲደመር 17.6 ይሆናል፤ ስለዚህ 36 በ36 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የካኪ ቁራጮች ለክፈፉ ይበቃሉ። ስፌቱ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ውስጠኛው ክብ ሲቆረጥ 1 ሴንቲ ሜትር መጥበብ አለበት፤ ይህ ሲረሳ ባርኔጣው ሰፍቶ ዓይን ላይ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ለሸሚዝ አንገትጌ የሚገባው ጠንካራ ጨርቅ ይግባ፣ ከዚያም ክፈፉ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ክብ በክብ ይሰፋ። ይህ ካልተደረገ ከሁለት እጥበት በኋላ ክፈፉ ይተኛል፣ ልጁም ለማየት ሲል ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ፊቱ ይጋለጣል። የታችኛው ገጽ ጥቁር ወይም ጥልቅ ሰማያዊ ቢሆን ከመሬት የሚመለሰው ብርሃን ዓይን ላይ አያንጸባርቅም። አገጭ ሥር የሚታሰር ገመድ ግዴታ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው የበጋ ነፋስ ያለ እርሱ ይወስደዋል። ቀዳዳ የበዛበት የስንደዶ ወይም የገለባ ባርኔጣ ውበት እንጂ ጥላ የለውም።

ጃንጥላም ቀላል አይደለም። ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ጃንጥላ በቀጥታ ከሚወርደው ጨረር ከ90 በመቶ በላይ ያስቀራል። የከተማችን ሴቶች ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል። ወንዶች ግን «ለፀሐይ ጃንጥላ?» ብለው ያፍራሉ፤ ካህናቱ በጥምቀት ድባብ ዘርግተው ጃንሜዳ ድረስ ሲሄዱ የሚያፍር አላየንም።

ጥላን ስናስብ ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛው፣ ከአጠቃላዩ ጨረር ግማሽ ያህሉ በቀጥታ ከፀሐይ ሳይሆን ከሰማዩ ተበትኖ የሚመጣ መሆኑ ነው። በትንሽ ሸራ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ብዙ ሰማይ የሚያይ ሰው ጥላ ውስጥ ሆኖም ይጠቃል። ወደ ግድግዳው፣ ወደ ግንዱ፣ ወደ ድንኳኑ መሃል መግባት አለበት። ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። ከሚያዝያ 5 እስከ ነሐሴ 23 ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን፣ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በጥር ታይቶ የተሠራ በስተደቡብ ብቻ የተጋረደ መጠለያ በግንቦት ቀትር ላይ በሌላኛው ጎኑ ፀሐይ ያስገባል።

ለዚህ ከእድር የተሻለ ባለቤት አናውቅም። ድንኳኑ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ተክሎ የሚነቅል ሰው አለ፣ በየወሩ ስብሰባ አለ። ለቅሶ በሌለበት ቀን አንዱን ድንኳን ለትምህርት ቤት የስፖርት ቀን፣ ለጉልት ነጋዴዎች ወይም ውጭ ሰልፍ ለሚበዛበት ጤና ጣቢያ ማዋስ ከባድ ውሳኔ አይደለም። መሃል ከተማው በአዲሱ የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች አግኝቷል፤ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ መሄድ ደስ ይላል። ጥያቄያችን ስለሚተከለው ዛፍ ነው። ዘንባባ ለዓይን ያማረ ነው፣ ሥሩ የሚያስጠልል ግን አንድ ሰው ቢሆን ነው። ዋንዛና ብርብራ የአገራችን ናቸው፣ ቅርንጫፋቸው ይሰፋል። «መንገድ ለሰው» ተብሎ መኪና በሚታገድባቸው እሑዶች ልጆች አስፋልት ላይ ሲጫወቱ ያየ ሰው ዛፍ የት እንደጎደለ ያውቃል።

ወደ ክሬሙ እንመለስ። ሲገዛ ከ30 ያላነሰ ኤስ ፒ ኤፍ ይኑረው፤ 30 የቆዳ መቅላት ከሚያመጣው ጨረር 97 በመቶ ገደማ፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ ገደማ ይከላከላል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ ከሆነ 30ውን በወፍራሙ መቀባት ይመረጣል። ቁጥሩ ስለ አንድ ዓይነት ጨረር ብቻ ስለሚናገር ሌላኛውን ዓይነት የሚመለከተው «ዩ ቪ ኤ» የሚለው ምልክት በክብ ውስጥ መኖሩም ይታይ። የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈበት ወይም ውሃና ቅባቱ የተለያየ አይገዛ። መኪና ውስጥ ወይም የጀብሎ ሣጥን ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ክሬም ይበላሻል። ከመውጣት 15 ደቂቃ በፊት መቀባት፣ ጆሮን ከኋላው፣ ከንፈርንና የእጅን ጀርባ አለመርሳት። ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን፣ እሬትና ቅቤ ቆዳ ያለሰልሳሉ እንጂ ፀሐይ አይከላከሉም። ዚንክ ኦክሳይድ በቫዝሊን ለውሶ መሸጥም እየታየ ከሆነ መተማመኛ አይሁን፤ ዱቄቱ ይጓጉላል፣ አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ባዶ ይቀራል፣ ጉልበቱንም የለካው የለም። በአገር ውስጥ ማምረት ይቻላል ወይ ለሚለው ግን መልሱ ሩቅ አይደለም። በታንዛንያ ሞሺ ከተማ ያለው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ማዕከል አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች የሚሆን ሰንስክሪን እዚያው ያመርታል።

ስለ መነጽር አጭር ነገር። አስፋልት ዳር የሚሸጠው ጥቁር መስታወት የጨረር መከላከያ ከሌለው ከባዶ ዓይን ይብሳል፤ ጨለማው የዓይንን ብሌን ያሰፋና ጨረሩ በሰፊው ይገባል። መነጽሩ ላይ የተጻፈው «ዩ ቪ 400» የሚለው የጨረር መከላከያ ምልክት እውነት መሆኑን፣ መለኪያ ባለው መነጽር ቤት ማስፈተሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አልቢኒዝም የሌለበት አብዛኛው አንባቢ «እኔንስ?» ይል ይሆናል። በአፍሪካ አልቢኒዝም ከ5,000 እስከ 15,000 ከሚሆኑ ሰዎች በአንዱ እንደሚገኝ ይገመታል። ለቀረነው ጥቁር ቆዳችን ራሱ ጥሩ ጋሻ ነው፤ ሰንስክሪን ለማዲያት እንጂ ለካንሰር ብለን በየቀኑ መግዛት አያስፈልገንም። የእኛ የቆዳ ካንሰር በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው። ሜላኖማ የተባለው ክፉ ዓይነት በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ይጀምራል። ዘፋኙ ቦብ ማርሌይ በ1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ያረፈው በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር በጀመረው በዚህ በሽታ ነበር። ብዙ ጥፍሮች ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመር መኖሩ በጥቁር ሰው የተለመደ ነው። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ የወጣ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ሥር ቆዳ የተሻገረ ከሆነ ግን መታየት አለበት። ሌላው የቃጠሎ ጠባሳና ለዓመታት ያልዳነ የእግር ቁስል ነው። ጠርዙ ከፍ ካለ፣ ሥጋ ካበቀለ፣ በቀላሉ ከደማ ወይም ሽታው ከተለወጠ ቁስሉ ወደ ካንሰር እየተለወጠ ሊሆን ይችላል፤ ማሸጊያ ብቻ እየቀየሩ መቆየት አደጋ ነው።

ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች በዓይናቸው ነጭ ክፍል ላይ የሚያድግ ሥጋ ሲያዩ «አቧራ ነው» ብለው አይተዉት፤ ፀሐይና የደከመ የሰውነት መከላከያ ተባብረው በዚያ ነጭ ክፍል ስስ ሽፋን ላይ ካንሰር ያመጣሉ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸው መድኃኒት የሚወስዱም ከፀሐይ መጠንቀቅ አለባቸው። ዶክሲሳይክሊን የተባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የታዘዘለት ሰው በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል፤ ፋርማሲ ላይ ይህን መናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞችን በተመለከተ አንለሳለስም፤ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ መቀባት የለበትም። ክሎቤታሶል ቆዳን ያሳሳል፣ ሃይድሮኪኖን የተፈጥሮ ጋሻውን ያነሳል፣ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል።

ሕፃናትን በጧት ፀሐይ ማሞቅ ለሪኬት (አጥንት ለሚያለሰልሰው የሕፃናት በሽታ) መከላከያ የምንመክረው ነገር ነው፣ አይቅር። አልቢኒዝም ይዞት ለተወለደ ሕፃን ግን ይህ ምክር አይሠራም። እናቱ ከጤና ጣቢያ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ትጠይቅ፤ ስድስት ወር ሳይሞላውም ሰንስክሪን አይቀባ፣ በልብስና በጥላ ይጠበቅ።

አልቢኒዝም ያለበት ሰው በየ6 ወሩ ቆዳው በባለሙያ መታየት አለበት። ከዚያ በፊት ቤተሰቡ በወር አንዴ፣ ደመወዝ በገባ ቀን ቢሉት አይረሳም፣ በቀን ብርሃን ፊቱን፣ ከንፈሩን፣ ከጆሮው ጀርባ፣ ማጅራቱንና የእጁን ጀርባ ይየው። ሲዳሰስ እንደ አሸዋ የሚሻክር ቅርፊት፣ በ4 ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ እየደማ የሚደርቅ እብጠት ከተገኘ በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ አጠገቡ ማስመሪያ ተደርጎ፣ ቀኑ ተጽፎ። ጤና ጣቢያ ላይ ቅባት ብቻ ተሰጥቶ በ2 ሳምንት ካልተሻለው ያንን ፎቶ ይዞ ወደ ቆዳ ሕክምና ክፍል ሪፈር መጠየቅ መብቱ ነው። በዚህ ደረጃ ሕክምናው በብርድ ማቃጠል ወይም አካባቢውን አደንዝዞ መቁረጥ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይገባል። ከቆየ ግን ሰፊ ቀዶ ሕክምናና ጨረር ይመጣል፣ የጨረር ሕክምና የሚሰጥባቸው ተቋማት ደግሞ በአገሪቱ ጥቂት ናቸው። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ምርመራውን ግን አያዘግይ። የሚያቃጥል የሥራ ሥር መድኃኒት መለጠፍ ግን ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ላይ ላዩን ገሽልጦ ሥሩን ይተወዋል፣ ሐኪሙም ድንበሩን ለማግኘት ይቸገራል።

ለመጪው ሰኔ 6 ገንዘብ የምታሰባስቡ ማኅበራትና ድርጅቶች፣ ከበጀታችሁ ግማሹን ለካኪ ባርኔጣና ለረጅም እጅጌ ሸሚዝ አውሉት። የቀረውን ክሬም በአንድ ቀን አታድሉት። በአንድ ፋርማሲ አስቀምጡና እያንዳንዱ ሰው በየወሩ 300 ሚሊ ሊትሩን እየፈረመ ይውሰድ። ሁለት ወር ተከታትሎ ያልመጣ ስም ሲገኝ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቱ ድረስ ትሂድ።

በመሃል አዲስ አበባ የምንሠራ የቆዳ ሕክምና ባለሙያዎችና ፋርማሲስቶች